የቀደመውን ቋንቋ ማን ጠበቀው? የኢራን አይሁድ ዘዬዎችና የቤተ እስራኤል አገውኛ

በጋምቤላ ከተማ ገበያ ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ኑዌርኛ፣ አኙዋኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ መስማቱ አይቀርም፤ ዕድል ከቀናውም ማጃንግኛ ወይም ኦፖኛ ይጨምርበታል። ለቋንቋ አጥኚ ከባዱ ነገር እነዚህን ልሳናት አንዱን ከሌላው መለየት አይደለም። ከባዱ፣ የሰማው የንግግር ልዩነት ከምን እንደ መነጨ መወሰን ነው፦ ከቦታ ነው፣ ከትውልድ ሐረግ ነው፣ ወይስ ከሃይማኖት? የመስክ መጠይቆቻችን «ብሔረሰብ»፣ «ሃይማኖት» እና «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚሉ ሦስት ሣጥኖችን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ ጎን ለጎን ስለ ተቀመጡ ብቻም አንዱ ሌላውን የሚያስከትል ይመስለናል። መረጃው ተሰብስቦ ሲተነተን ግምቱ ድምዳሜ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ጽሑፍ ያን ግምት የሚፈትነው ከጋምቤላ ውጭ ባሉ ሁለት ጉዳዮች ነው። አንደኛው የኢራን አይሁድ የሚናገሯቸው ዘዬዎች ናቸው፤ ሁለተኛው በጎንደር፣ በስሜንና በቋራ ምድር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል የተናገሩትና የጸለዩበት አገውኛ ነው። ሁለቱን ማቀራረቡ በመጀመሪያ እይታ ሩቅ ለሩቅ ማገናኘት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሁለቱም ቦታ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የአይሁድ ዘዬ» የምንለው ነገር በእርግጥ የአይሁድ ነውን? በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢስፋሃንን ቋንቋ የሚናገረው ማን ነው?

«የኢራን ቋንቋዎች» የሚለው ስያሜ ለአገሩ ሳይሆን ለቋንቋ ቤተሰቡ የተሰጠ ነው። ፋርስኛን፣ ኩርድኛን፣ ፓሽቶን፣ ታጂክኛን፣ እንዲሁም ከካውካስ ተራሮች እስከ መካከለኛው እስያ የተበተኑ ብዙ ትናንሽ ዘዬዎችን ያቅፋል። አይሁድ በእነዚህ ቋንቋዎች ምድር መኖር የጀመሩት ከጥንቱ የፋርስ ነገሥታት ዘመን አንሥቶ ነው፤ የመጽሐፈ አስቴር ታሪክ በሱሳ ቤተ መንግሥት የሚፈጸም መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ፋርስኛን በዕብራይስጥ ፊደል የመጻፍ ልማድ እጅግ የቆየ ነው። በ1901 ኦሬል ስታይን በምዕራብ ቻይና በረሃ፣ ዳንዳን ኡይሊቅ በሚባለው ፍርስራሽ ባደረገው ፍለጋ የተገኘው የአንድ ነጋዴ ደብዳቤ በ8ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ሲሆን፣ ቋንቋው ፋርስኛ፣ ፊደሉ ዕብራይስጥ ነው። በ1327 የሺራዙ ሻሂን የሙሴን ታሪክ በፋርስኛ ግጥም ደረሰ፤ በ1546 ደግሞ የፋርስኛ ኦሪት በዕብራይስጥ ፊደል በቁስጥንጥንያ ታተመ። ጥንታውያኑ ጽሑፎች ለቋንቋ ታሪክ ያላቸው ዋጋ ከይዘታቸው ይበልጣል። ጸሐፊዎቹ ለቤተ መንግሥቱ የሥነ ጽሑፍ ደንብ የሚገዙ ስላልነበሩ፣ በዐረብኛ ፊደል ከተጻፈው ደረጃውን የጠበቀ ፋርስኛ የጠፉ የየአካባቢውን ቅርጾች አስቀርተውልናል።

ለእኛ ጥያቄ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የሚነገረው እንጂ የተጻፈው አይደለም። የሚነገሩት ዘዬዎችም አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። የቡኻራና የሳማርካንድ አይሁድ የሚናገሩት ቡኻርኛ ከጎረቤቶቻቸው ታጂክኛ ብዙም አይርቅም። የምሥራቅ ካውካስ ተራራ አይሁድ የሚናገሩት ጁሁርኛ ደግሞ የታትኛ ወገን ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪ በፊደል እንጂ በአፉ የማይለያቸውን የ«ሐ» እና የ«ዐ» የጉሮሮ ድምፆች ጠብቋል። ጁሁርኛ በሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ሲሪሊክ ፊደል መዛወሩን በጋምቤላ ላለ ተማሪ መንገር ትርፍ አይሆንም፤ ወደ ፊደል ጉዳይ ኋላ እንመለሳለን።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉም ይልቅ አስተማሪ ነው። የኢስፋሃንና የካሻን ከተሞች ሙስሊም ነዋሪዎች ዛሬ የሚናገሩት ፋርስኛ ነው። የእነዚሁ ከተሞች አይሁድ ግን በቤታቸው ይናገሩት የነበረው ፋርስኛ ያልሆነ፣ የመካከለኛው ኢራን ዘዬዎች ወገን የሆነ ልሳን ነበር፤ የከተማው ሙስሊም ጎረቤት ሲሰማው አይገባውም። እንግዲህ ይህን ልሳን «የአይሁድ ቋንቋ» ብለን ልንዘጋው በተቃረብንበት ቅጽበት፣ ከኢስፋሃን ወጣ ብለው በሚገኙት እንደ ጋዝ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ሙስሊም ገበሬዎች የዚሁ ልሳን የቅርብ ዘመድ የሆነ ዘዬ ሲናገሩ እናገኛቸዋለን። አይሁዱ ከሌላ ቦታ ያመጡት ወይም ለራሳቸው የፈጠሩት ቋንቋ አልነበረም። የራሷ የኢስፋሃን የቀድሞ ቋንቋ ነበር። ብዙኃኑ የከተማ ሕዝብ ወደ ፋርስኛ ሲያልፍ አይሁዱ በነበሩበት ቀሩ። ኤሕሳን ያርሻቴር በ1970ዎቹ፣ በቅርቡ ደግሞ ሐቢብ ቦርጂያን ይህን ገጽታ በዝርዝር አሳይተዋል።

ተመሳሳዩን ነገር የዞሮአስተር እምነት ተከታዮችም በያዝድና በኬርማን ፈጽመውታል፤ እነርሱም ከተማው የተወውን የመካከለኛ ኢራን ዘዬ እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ይህ ተጨማሪ ምስክር ወሳኝ ነው። የቀደመውን ቋንቋ ያቆየው የአይሁድ ሃይማኖት ይዘት ቢሆን ኖሮ የዞሮአስተር ተከታዮቹ ባላቆዩት ነበር። ያቆየው በብዙኃኑ መካከል ተለይቶ መኖር ራሱ ነው።

ስለ ኢራን ይህን ክፍል ሳልዘጋ ሎተራኢ የሚባለውን ልጥቀስ። ይህ የኢራን አይሁድ በባዕድ ፊት ምሥጢር ለመነጋገር የሚጠቀሙበት ንግግር ሲሆን፣ ሰዋስዉ የየአካባቢው የኢራን ዘዬ፣ ቃላቱ ግን በብዛት የዕብራይስጥና የአራማይክ ናቸው። በአገራችን የአዝማሪዎችንና የነጋዴዎችን የምሥጢር ንግግር ያጠናው ቮልፍ ሌስላው በ1964 ያሳተመውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ስልቱን ወዲያው ያውቀዋል። እውነተኛው «የአይሁድ ብቻ» የሆነ የኢራን ልሳን ቢፈለግ ምናልባት ይህ ነው፤ እርሱም የማንም አፍ መፍቻ አይደለም።

አንድ ቋንቋ ሁለት እምነት፣ አንድ እምነት ሁለት ዘዬ

ወደ ጎንደር እንምጣ። በቅድሚያ ስለ ስያሜ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «ፈላሻ» እና «ካይላ» የሚሉት ስሞች ለማኅበረሰቡ የተሰጡት በሌሎች ነው፤ ንቀትም አለባቸው። እዚህ ማኅበረሰቡ ራሱን የሚጠራበትን «ቤተ እስራኤል» እጠቀማለሁ፤ «ካይልኛ» የሚለውን የማነሣው በጥናት ጽሑፎች ውስጥ የአንድ ዘዬ ስም ሆኖ ስለ ጸና ብቻ ነው።

አገውኛ የኩሽ ቋንቋዎች ማዕከላዊ ቅርንጫፍ ነው። በኤርትራ ብሊንኛ፣ በዋግ ኽምጣንግኛ፣ በጎጃም አውንግኛ፣ በጎንደር ዙሪያ ደግሞ ቅማንትነይ አራቱ ዋና ክፍሎቹ ናቸው። የቤተ እስራኤል ሁለት ዘዬዎች፣ ቋርኛና ካይልኛ፣ ከቅማንትነይ ጋር የሚመደቡ ናቸው። አማርኛ በእነዚህ አገሮች ላይ ከመስፋቱ በፊት አገውኛ የምድሩ ቋንቋ ነበር፤ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ከግዕዝ ርቆ አሁን ወዳለበት ቅርጽ የመጣው በአገውኛ ተናጋሪዎች አፍ በማለፉ ጭምር እንደ ሆነ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ።

ስለ ቤተ እስራኤል ንግግር ያለን መረጃ ብጥስጥስ ቢሆንም ዕድሜው አጭር አይደለም። በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የተቀመጠው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በአገሩ በሚነገሩ ቋንቋዎች ሲያስተረጉም የቤተ እስራኤልን አገውኛ አንዱ አድርጎ ነበር፤ ብራናዎቹ ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1866 ስለ ቤተ እስራኤልና ስለ ቅማንት ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የሰዋስው መግለጫና የቃላት ዝርዝር ይዟል። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 እና በ1868 ባደረገው ጉዞ የሰበሰበውን በ1873 በቋንቋው ላይ፣ በ1877 ደግሞ በጸሎቶቹ ላይ ጽፎ አውጥቷል። ሊዮ ራይኒሽ በ1885 የቋርኛን ሰዋስው አዘጋጀ። ካይልኛ ግን ለረጅም ጊዜ ስሙ እንጂ ጠባዩ የታወቀ አልነበረም፤ የታወቀው ዣክ ፋይትሎቪች በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በግዕዝ ፊደል የጻፋቸውን ያልታተሙ ማስታወሻዎች ዴቪድ አፕልያርድ በ1990ዎቹ መርምሮ ሲያቀርባቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሥዕል ከኢስፋሃን ጋር አንድ ነው ማለት እችላለሁ፤ ግን በጥንቃቄ። አንደኛ፣ ቤተ እስራኤል የተናገሩት ልሳን የአይሁድ እምነት የሌላቸው ቅማንቶች ከሚናገሩት ጋር በመሠረቱ አንድ ቋንቋ ነው። ቅማንት በወምበር የሚመራ፣ መዝገና ብሎ ወደሚጠራው አምላክ በዛፍ ሥር የሚጸልይ የራሱ ሥርዓት የነበረው ሕዝብ ነው። ሁለተኛ፣ ቤተ እስራኤል በአንድ እምነት እያሉ በአንድ ዘዬ አልተናገሩም፤ ቋርኛና ካይልኛ የሚለያዩት በእምነት ሳይሆን በቦታ ነው። ሦስተኛ፣ በትግራይና በወልቃይት በኩል የነበሩት ትግርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። እንግዲህ አንድ ቋንቋ ሁለት እምነትን፣ አንድ እምነትም ከአንድ በላይ ዘዬን ሲያቅፍ፣ «የአይሁድ አገውኛ» የሚል ዕቃ ፈልጎ በመደርደሪያ ማስቀመጥ አይቻልም። የሚቻለው፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት ወደ አማርኛ ባለፈበት ዘመን የቀደመውን የአካባቢ ቋንቋ ከእርሱ ይልቅ የዘገዩት ቤተ እስራኤልና ቅማንት መሆናቸውን መናገር ነው። የኢስፋሃን አይሁድና የያዝድ ዞሮአስተራውያን ጥንድ በጎንደር ተደግሟል።

ዕብራይስጥ የሌለበት አይሁድነት

በአይሁድ ቋንቋዎች ጥናት የተለመደው መለኪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በዕብራይስጥ ፊደል መጻፍና በንግግሩ ውስጥ የዕብራይስጥና የአራማይክ ቃላት መኖር። መለኪያው የተቀረጸው በአውሮፓ ዪዲሽ፣ በስፔን አይሁድ ቋንቋና በዐረብኛ ዘዬዎች ላይ ሲሆን፣ ለኢራንም በቀላሉ ይሠራል። ለኢትዮጵያ ግን ጨርሶ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ማየት ከዚህ ጽሑፍ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ ሊያቆመን የሚገባው ነው።

ቤተ እስራኤል ከሃያኛው መቶ ዓመት በፊት ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። ኦሪታቸው በግዕዝ ነው፤ ትእዛዘ ሰንበትን የመሰሉ የራሳቸው መጻሕፍትም በግዕዝ ናቸው፤ ቄሶቻቸው በመስጊድ የሚያዜሙት ጸሎት በአብዛኛው ግዕዝ ሲሆን በመካከሉ የአገውኛ ክፍሎች አሉት። ፊደላቸው ከቤተ ክርስቲያን ፊደል የተለየ አይደለም። ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ ከክርስቲያን ድርሰቶች ተወስደው፣ የሥላሴ ስም ወጥቶላቸው የተስተካከሉ ናቸው።

የአራማይክ ቃላትስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። «ኦሪት»፣ «ሃይማኖት»፣ «ጣዖት»፣ «ምጽዋት»፣ «ገሃነም»፣ የዕለቱ ስም «ዐርብ»፤ እነዚህን ቴዎዶር ኖልደኬ፣ ኋላም ሐ. ያ. ፖሎትስኪ በ1964 ሲመረምሯቸው ከአራማይክ የመጡ መሆናቸውን አሳዩ፤ ፖሎትስኪ በተለይ ከአይሁድ አራማይክ ጋር አያያዛቸው። ታዲያ እነዚህን ቃላት የሚናገረው ማን ነው? የደብረ ታቦሩ ካህን፣ የሸዋው ገበሬ፣ በጋምቤላ ቢሮ የሚሠራው ጸሐፊ፣ ሁሉም። የአይሁድ ቃላት መኖር መለኪያ ቢሆን ኖሮ አማርኛ በጠቅላላው የአይሁድ ዘዬ በሆነ ነበር፤ በአንጻሩ ቋርኛ፣ የቤተ እስራኤል የቤት ቋንቋ፣ ከዝርዝሩ በወደቀ ነበር።

ይህ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሊሊ ካንና አሮን ሩቢን በ2016 ባሳተሙት የአይሁድ ቋንቋዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቦርጂያን ስለ ኢራን አይሁድ ልሳናት፣ አንበሳ ተፈራ ደግሞ ስለ አይሁድ አማርኛ ጽፈዋል። የኢትዮጵያ ምዕራፍ በአማርኛ መሰየሙን ልብ ይሏል። አንበሳ ተፈራ በሌላም ጽሑፋቸው እስራኤል ውስጥ የሚነገረውን፣ ዕብራይስጥ የገባበትን አማርኛ አጥንተዋል፤ ስደተኛው ከገባበት ዕለት ጀምሮ የሚሰማቸው እንደ «ኡልፓን» (የዕብራይስጥ ማስተማሪያ) እና «ሚስራድ» (ጽሕፈት ቤት) ያሉ ቃላት ከአማርኛው ጋር ይኖራሉ። በተለመደው መለኪያ ከሄድን፣ ቤተ እስራኤል «የአይሁድ ቋንቋ» የተናገሩት ኢትዮጵያን ከለቀቁ በኋላ ነው! ለሁለት ሺህ ዓመት በአምልኮ ካኖራቸው ግዕዝና ከአገውኛ ጸሎታቸው ይልቅ የቢሮ ቃላት ይበልጥ አይሁድ ያደርጓቸዋል ማለት ነው። «ሁለት ሺህ» ስል ማኅበረሰቡ ስለ ራሱ የሚያምነውን መጥቀሴ ነው፤ የታሪክ ሊቃውንት ስለ አመጣጣቸው ያላቸው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። መለኪያው መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። ለኢራን አይሁድ ዕብራይስጥ የሚሠራውን ሥራ ለቤተ እስራኤል የሠራው ግዕዝ ነው፤ ልዩነቱ ግዕዝን ከጎረቤት ጋር መጋራታቸው ነው።

የሥጋ አጥርና የአፍ አጥር

ተለይቶ መኖር የቀደመውን ቋንቋ ያቆያል ካልን፣ ቤተ እስራኤል ቋንቋቸውን ከማንም በላይ ማቆየት ነበረባቸው። በኢራን ከሳፋቪ ነገሥታት ዘመን ወዲህ አይሁዱን ርኩስ ብለው የሚርቁት ብዙኃኑ ነበሩ። በጎንደር ግን አጥሩን ያጠሩት አይሁዱ ራሳቸው ናቸው፤ ባዕድ የነካው ሰው ሳይታጠብ ወደ መንደር አይገባም፤ የወር አበባና የአራስ ጎጆ ለብቻ ነው፤ መንደራቸውም ስለዚህ ከውኃ አይርቅም። ጎረቤት «አትንኩኝ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላቸውም ለዚህ ነው።

ሆኖም አጥሩ ሥጋን እንጂ አፍን አላጠረም። ሌስላው በ1947 በመካከላቸው ሲሠራ የሰማው የዕለት ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ አገውኛው በቋራ በኩል ካልሆነ በቀር ወደ ጸሎት ገብቶ ነበር። የኢስፋሃን የቤት ቋንቋ ግን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደርሷል። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ሙሉ መልስ የለኝም፤ የማቀርበው ግምት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ማለትም ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ቤተ እስራኤል ርስታቸውን እያጡ ሄዱ። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፦ ወንዱ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ። ማረሻ የሚያሾለው ለአማርኛ ተናጋሪ ገበሬ፣ ግንብ የሚሠራው ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተ መንግሥት ነው። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ የኢስፋሃን አይሁድም ነጋዴና ሱቀኛ ሆነው ፋርስኛን በገበያ ይናገሩ ነበር። ዋናው ነገር የአሰፋፈር ይመስለኛል። የኢራን አይሁድ በከተማው አንድ ሠፈር ብዙ ቤተሰብ ሆነው ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር፤ ልጅ ከቤት ወጥቶ የሚጫወተው በዚያው ልሳን ነው። ቤተ እስራኤል በመቶ በሚቆጠሩ መንደሮች፣ ጥቂት ጥቂት ቤተሰብ ሆነው ተበትነው ነበር። አንድ መንደር አሥር ቤት ሲሆን ቋንቋ በአሥር ቤት አይያዝም። የቋራ ቆላ ርቀት ለቋርኛ ዕድሜ የጨመረውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ቅማንትነይም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በ1994 የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው 172,327 ሰው ሲሆን ቋንቋውን አፍ መፍቻዬ ያለው 1,625 ብቻ ነበር። ዘለዓለም ልየው በ2003 ባሳተሙት ጥናት የቋንቋ መተካቱን ሂደት ከነሰዋስዉ መዝግበዋል፤ በድኅረ ምረቃ ደረጃ ላለ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የአሠራር ምሳሌ በአገራችን ብዙ አላውቅም።

የማይገባ ጸሎት

ጸሎት ለቋንቋ አጥኚ ስጦታም ወጥመድም ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1973 በአምቦበር የቤተ እስራኤልን ዜማ ስትቀዳ አገውኛው በቅዳሴው ውስጥ ሕያው ነበር፤ ግን ከሚያዜሙት ብዙዎቹ የቃላቱን ትርጉም አያውቁም። ቃል ከትርጉሙ ሲለይ አዜሚው ድምፁን ወደሚያውቀው ድምፅ ይስበዋል፤ ገልባጩም እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል ለአገውኛ አንዳንድ ድምፆች ምልክት የለውም። አንዱ በምላስ ሥር ከላንቃ ጋር የሚፈጠረው የአፍንጫ ድምፅ ነው፤ ገልባጩ አንዴ «ን»፣ አንዴ «ንግ»፣ አንዴ «ኝ» እያደረገ ይጽፈዋል።

ይህን ድምፅ በጋምቤላ ላለ ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በየቀኑ ይሰማዋል። «ማጃንግ» የሚለውን የሕዝብ ስም በአማርኛ ስንጽፍ መጨረሻው በተናጋሪው አፍ አንድ ድምፅ ነው፤ እኛ ሁለት ፊደል እናደርገዋለን። የነቢዩ የንጉንዴንግ ስም በአማርኛ ሲጻፍ ይኸው ሁለት ጊዜ ይደርስበታል። ነገ ከነገ ወዲያ ኑዌርኛ የማያውቅ ተመራማሪ የቢሮ መዝገቦቻችንን ይዞ ስለ ኑዌርኛ ድምፆች ቢጽፍ የሚሳሳተው፣ እኛ የአገውኛን ጸሎት ከብራና ስናነብ በምንሳሳትበት መንገድ ነው። ኑዌሮች ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጠቀሙበት የላቲን ፊደል ይህን ድምፅ የሚለይ ምልክት አለው፤ ምልክቱ የመጣው በ1928 በሱዳን ረጃፍ በተደረገው የቋንቋዎች ጉባኤና በሚሲዮኖች ሥራ በኩል ነው። የጁሁርኛ ሦስት ፊደላት፣ የፋርስኛ የዕብራይስጥ ፊደል፣ የኑዌር የላቲን ፊደል፤ ፊደልን የሚወስነው ድምፅ ሳይሆን ማን እንዳስተማረ ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል ስምንት ሺህ ገደማ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ የቋራዎቹ የመጨረሻ ቡድኖች በ1990ዎቹ ተከተሉ። የኢስፋሃንና የካሻን አይሁድም ከ1948 እና ከ1979 በኋላ አብዛኞቹ ወደ እስራኤልና ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ሁለቱ የቀደሙ ቋንቋዎች፣ የኢስፋሃንና የቋራ፣ የመጨረሻ አስታዋሾቻቸውን የሚያገኙት በአንድ አገር፣ በዕብራይስጥ በሚናገሩ የልጅ ልጆች መካከል መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

በጋምቤላና በአጎራባች ደኖች ያለው ሥራ ግን ገና ከደጃችን አልሄደም። በማጃንግና በሸካ መካከል የሚኖሩት የጫቡ ተናጋሪዎች ከሺህ ያነሱ ሲሆኑ ወደ ማጃንግኛና ወደ ሸካኛ እያለፉ ነው። ኦፖና ኮሞም በትልልቅ ቋንቋዎች መካከል ያሉ ትናንሽ ቋንቋዎች ናቸው። ወደዚያ ለሚሄድ ተማሪ የማቀርበው ለውጥ በመጠይቁ ላይ ነው። «አፍ መፍቻ ቋንቋህ ምንድን ነው?» ከሚለው ሣጥን ሥር የሚከተሉት ይጨመሩ፤ ምርቃት፣ እርግማንና ለቅሶ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚባለው? የሚለው ማን ነው? ከሰሚዎቹ መካከል ቃሉ የሚገባው ማን ነው? ከወንዙ ማዶ ያለው ሌላ እምነት ያለው ሰው ይህንኑ ቃል ያውቀዋልን? መቅጃውም የሚከፈተው ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ሳይሆን በፊት ነው፤ ሽማግሌው ቃሉን እያብራራ ሲናገረውና ሳያስብ ሲመርቅበት አንድ ድምፅ አያወጣምና።